የጨዋታ ዕቃ ለቁም ነገር ሲውል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ ስም በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ንግግሬ የሚሆነው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ይኸውም ልጆች በፕሌይስቴሽን ቤት ስለሚጨብጡት፥ ጆይስቲክ ስለምንለው የጨዋታ መያዣ ነው። ይህን ስናገር አንዳንድ ወላጆች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። «ልጆቻችን ደብተራቸውን ጥለው የሚውሉበት ቤት ሳያንስ፥ ደግሞ በበዓል ቀን ስለ እርሱ ንግግር ይደረግልን?» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ መጫወት ሳይሆን፥ ለጨዋታ የተሠራው ዕቃ የሰውን የራስ እንቅስቃሴ እየተከታተለ ለቁም ነገር ሊውል ስለሚችልበት ብልሃት ነውና።

አንድን ዕቃ ከተሠራለት ሥራ አውጥቶ ለሌላ ማዋል ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ወርደን መርካቶ ምናለሽ ተራ ብንገባ፥ የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን፥ በርሜል ተቀዶ ድስትና መጥበሻ ሲሆን እናያለን። ያረጀ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ሆኖ ስንቱን ገበሬ አገር ለአገር አዙሯል! በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶችም ደወል ሆኖ ተማሪውን የሚሰበስበው በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ቸርኬውን የሠራው ፋብሪካ ስለ ትምህርት ቤት ደወል አላሰበም፤ ያሰበው ድምፁን የሰማው መምህር ነው። እንግዲህ እኔ የምናገርለት ጥበብ ከዚህ ከቸርኬው ጥበብ የሚለየው ዕቃው በውስጡ ኤሌክትሪክና ሂሳብ ስላለበት ብቻ ነው።

የሰውን የራስ እንቅስቃሴ በመሣሪያ የመከታተል ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በራስ ላይ የሚደረግ የሥዕል መስኮት ሠርቶ ነበር። ራሱን ሲያዞር ሥዕሉም አብሮ ይለወጥለት ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ከጣራ ላይ በብረት ክንድ ተንጠልጥሎ የሚወርድና እጅግ ከባድ ስለ ነበረ፥ በተራ ሰው ቤት ሊገባ የሚችል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ይህ ሥራ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችና የአየር ኃይሎች ሀብት ሆኖ ኖረ።

ነገሩን ወደ ተራው ሰው ያመጣው መጫወቻ ነው። በኅዳር ወር 1999 ዓ.ም. ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዊ የተሰኘውን የጨዋታ መኪና ለገበያ አቀረበ። የዚህ መኪና መያዣ ከሌሎቹ ልዩ ነበር። በግንባሩ ላይ ለዓይናችን የማይታየውን፥ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ከቀይ በታች ያለ ብርሃን ብቻ የምታይ ትንሽ ካሜራ አለችው። ይህች ካሜራ እስከ አራት የሚደርሱ የብርሃን ነጥቦችን ለይታ፥ እያንዳንዱ ነጥብ በ1024 በ768 ሰንጠረዥ ውስጥ የት እንዳለ በሰኮንድ 100 ጊዜ ያህል ትናገራለች። ከዚህም በላይ መያዣው ውስጥ የስበትንና የመወዛወዝን ኃይል የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ወሬውንም ያለ ሽቦ በብሉቱዝ ያስተላልፋል። እንዲህ ያለው ካሜራ በላቦራቶሪ ዕቃ ዋጋ ቢገዛ ብዙ ገንዘብ በጠየቀ ነበር። ኩባንያው ግን መኪናውን ከ100 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ስለ ሸጠ፥ መያዣው በ40 ዶላር ገደማ የሚገኝ ሆነ። ብዙ የተሠራ ነገር ይረክሳል፤ የረከሰ ነገር ደግሞ በተማሪ እጅ ይገባል።

ኩባንያው ያሰበው እንዲህ ነበር። ብርሃን የሚሰጠው ዘንግ በቴሌቪዥኑ ላይ ይቀመጣል፤ ተጫዋቹ ካሜራ ያለበትን መያዣ በእጁ ይዞ ወደዚያ ያመለክታል። እኛ በኢትዮጵያ አዲሱን ሺህ ዓመት መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ካከበርን ከሦስት ወር ያህል በኋላ፥ በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ይማር የነበረ ጆኒ ሊ የተባለ ወጣት ይህን አሠራር ገለበጠው። መያዣውን ከቴሌቪዥኑ ሥር አጋድሞ አስቀመጠው፤ መብራቶቹን ግን በመነጽር ግራና ቀኝ አድርጎ በራሱ ላይ አሰረ። ካሜራው ቆመ፥ ብርሃኑ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። ብልሃቱ ሁሉ ይኸው ነው። ከዚያም ያደረገውን በፊልም አንሥቶ ለሕዝብ አሳየ፤ ሚሊዮኖችም ተመለከቱት።

ምን ታየ? በመስኮት በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ ስንመለከት፥ ራሳችንን ወደ ግራ ብናደርግ በቀኝ በኩል ተሸፍኖ የነበረው ይገለጣል፤ ወደ መስኮቱ ብንጠጋ ብዙ አገር ይታየናል። ቴሌቪዥን ግን እንዲህ አያደርግም፤ ከየትም ብንቆም አንድ ሥዕል ብቻ ያሳየናል። ጆኒ ሊ ኮምፒዩተሩ የተመልካቹ ራስ የት እንዳለ ካወቀ ሥዕሉን በዚያው ልክ ሊለውጠው እንደሚችል አሳየ። ቴሌቪዥኑ መስኮት ሆነ።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ይህ ሂሳብ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከተማረው የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ ጓደኞቼ በጥሞና እንዲከተሉኝ እለምናለሁ። የዊ ካሜራ ከግራ እስከ ቀኝ 45 ዲግሪ ያህል ስፋት ታያለች፤ ይህን ስፋት በ1024 ነጥቦች ትከፍለዋለች። በመነጽራችን ግራና ቀኝ 15 ሳንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት መብራቶች አሉ እንበል። ከካሜራው በ1 ሜትር ርቀት ብንቀመጥ ሁለቱ መብራቶች 8 ዲግሪ ተኩል ያህል ተራርቀው ይታያሉ፤ ይህም 195 ነጥብ ገደማ ነው። ወደ 2 ሜትር ብንሸሽ ግን በመካከላቸው የሚታየው ርቀት በግማሽ ቀንሶ 98 ነጥብ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ነጥቦቹን ቆጥሮ ርቀታችንን ያውቃል። የሁለቱ ነጥቦች መካከል ወደ ግራና ቀኝ፥ ወደ ላይና ታች ሲሄድ የራሳችንን ሥፍራ ይነግረዋል። ራሳችንን ወደ ትከሻችን ዘንበል ብናደርግ ደግሞ ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መሥመር ይጋደላል፤ ያ ማጋደል የዘንበልታችን ልክ ነው።

የሆነ ሆኖ በሁለት መብራት የማይፈታ አንድ ችግር አለ። አንድ ሰው በተቀመጠበት ሳይንቀሳቀስ ፊቱን ብቻ 30 ዲግሪ ወደ ጎን ቢያዞር፥ በሁለቱ መብራቶች መካከል የሚታየው ርቀት ከ195 ወደ 169 ነጥብ ያህል ይቀንሳል። ኮምፒዩተሩም «ይህ ሰው ወደ ኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ሸሸ» ብሎ ይፈርዳል፤ መዞርና መሸሽ በሁለት ነጥብ ሊለዩ አይችሉምና። መድኃኒቱ ከሁለቱ ጋር በአንድ መሥመር የማይውል፥ ወጣ ወይም ገባ ያለ ሦስተኛ መብራት መጨመር ነው። በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ የእጅ ሥራ ወዳዶች በቆብ ላይ ሦስት መብራት የሚያስሩት ስለዚህ ነው።

መብራቱን ማግኘት ከባድ አይደለም። የቴሌቪዥን ሪሞት ሲበላሽ ከመጣሉ በፊት ከፊቱ ያለችው ትንሽ አምፖል ብትወጣ ይኸው ኢንፍራሬድ ናት። ደኅና መሆኗን ለማወቅ ሪሞቱን ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ ቁልፉን መጫን ነው፤ ዓይናችን ያላየውን ብርሃን ብዙ የስልክ ካሜራዎች ወይን ጠጅ አድርገው ያሳዩናል። ሁለት የባትሪ ድንጋይ 3 ቮልት ይሰጣል። አምፖሏ የምትፈልገው 1.3 ቮልት ያህል ስለ ሆነ፥ ለእያንዳንዷ አንድ የ100 ኦም ሬዚስተር ቢገባ 17 ሚሊ አምፔር ብቻ ያልፋል፤ ይህም ይበቃል። ነገር ግን ብርሃኑ ስለማይታይ ዓይናችን ከብርታቱ ራሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ኃይለኛ የሆኑትን የጥበቃ ካሜራ መብራቶች ከዓይን አጠገብ ማሰር አይገባም። እንዲሁም የፀሐይ ብርሃን በኢንፍራሬድ የተሞላ ስለ ሆነ መሣሪያው በመስኮት አንጻር አይሠራም። የሻማ ነበልባልም ለካሜራው እንደ መብራት ይታየዋል። መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርተው በላፕቶፕ የሚሞክሩ ሁሉ ካሜራው ከራሳቸው ይልቅ ሻማውን እንዳይከተል ሻማውን ወደ ኋላው ያድርጉት።

አሁን ጓደኞቼ «ዊ የሚባለውን በቡራዩ ማን አይቶት ያውቃል?» ብለው ቢጠይቁኝ እውነታቸውን ነው። ማምረቱም ከቆመ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በአሸዋ ሜዳም ሆነ በከታ በየጨዋታ ቤቱ ያለው የሶኒ ፕሌይስቴሽን ነው። የሆነ ሆኖ የፕሌይስቴሽን 3 እና የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲኮች እንቅስቃሴ የሚለካ ክፍል በውስጣቸው አላቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ሦስት የስበት መለኪያዎችንና፥ ጋይሮስኮፕ የሚባሉትን ሦስት የመዞር መለኪያዎች ይዟል፤ እርሱም በብሉቱዝ ይነጋገራል። የጨዋታ ቤት ጆይስቲክ የሚሞተው ከቁልፉና ከመዘወሪያው በኩል ነው፤ በቀን ስንት ሺህ ጊዜ ይደቀደቃልና። በሆዱ ያለው መለኪያ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ክበባችንም ከአንድ ጨዋታ ቤት ቁልፎቹ የሞቱ አንድ ጆይስቲክ በስጦታ አግኝቶ ቅርፊቱን ከገፈፈ በኋላ ውስጡን በቆብ ላይ ሰፋው። ሙሉው ዕቃ 210 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ቅርፊቱ ሲወጣ ግን አንገት የማያስቸግር ይሆናል።

ይህ መሣሪያ ብርሃን አያይም፤ ሥራው በሌላ መንገድ ነው። የስበት መለኪያው የግንበኛ ቱንቢ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ምድር በየት በኩል እንዳለች ያውቃል። ስለዚህ ራሳችንን ብናቀረቅር ወይም ዘንበል ብናደርግ ምን ያህል እንደ ሆነ ይናገራል። ጋይሮስኮፑ ደግሞ በየሰኮንዱ በስንት ዲግሪ ፍጥነት እንደምንዞር ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም እነዚህን ደምሮ የት እንደ ደረስን ያገኛል። ነገር ግን ሲደመር ስሕተቱም አብሮ ይደመራል። መለኪያው በሰኮንድ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፥ በአንድ ደቂቃ 6 ዲግሪ፥ በአሥር ደቂቃ 60 ዲግሪ ይሆናል፤ እኛ ሳንነቃነቅ ቀስቱ ከኮምፒዩተሩ መስኮት ወጥቶ ይሄዳል። የማቀርቀርና የዘንበልታውን ስሕተት ቱንቢው ያርምለታል። የግራና የቀኙን ግን ቱንቢ ሊያርመው አይችልም፤ ሰው ወደ ምሥራቅ ቢዞር ወደ ምዕራብ፥ የቱንቢው ክር ያው ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላልና። ስለዚህ ራስ ፍጹም በረጋ ጊዜ የሚታየውን ንባብ እንደ ዜሮ እየቆጠሩ ስሕተቱን መቀነስ፥ ሲያስፈልግም ቀስቱን ወደ መካከል የሚመልስ አንድ ምልክት ማበጀት ያሻል።

ክቡራንና ክቡራት፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ዕቃ ነው። አሁን ዕቃው ለማን እንደሚያስፈልግ ልናገር።

በትምህርት ቤታችን እጆቹ የማይታዘዙለት አንድ ጓደኛ አለን። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል። በሂሳብና በፊዚክስ ከክፍሉ ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ፈተና በመጣ ጊዜ እርሱ ይናገራል፥ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። የሚጽፍለት ሰው ደግ ነው፤ ማንም በዚህ አያማውም። ነገር ግን ጓደኛችን አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «የምሠራውን ሂሳብ ጮክ ብዬ ከመናገሬ በፊት በልቤ አስተካክለዋለሁ። እናንተ ጽፋችሁ ትሰርዛላችሁ፤ እኔ ግን መሰረዝ አልችልም፤ ያልሁትን ሰው ሰምቶታልና። የምፈልገው ብቻዬን ሆኜ መሳሳትና ብቻዬን ማረም ነው።» ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም። እኛ እርሳስና ላጲስ ይዘን የምንንቀው ነፃነት እርሱ የሚመኘው ነፃነት ነው።

ነገሩ ደግሞ ቀን የሚሰጥ አይደለም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ለእኛ ይህ የወረቀት መለወጥ ብቻ ነው። ለእርሱ ግን ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሌላ ሰው ማውዙን ይይዝለታል፥ ወይ እርሱ ራሱ ይይዘዋል። ለምርጫ ጥያቄ ደግሞ ብዙ አያስፈልግም፤ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ እንዲሁም «ቀጥል» እና «ተመለስ» የሚሉ ስድስት ሰፋፊ ሥፍራዎች ይበቃሉ። ቆብ ያደረገ ሰው ቀስቱን በራሱ እየመራ ከምርጫው ላይ አድርሶ አንድ ሰኮንድ ያህል ቢያቆመው፥ ኮምፒዩተሩ እንደ ተጫነ ይቆጥረዋል።

ጽሑፍ መጻፍ ግን ይከብዳል፤ እዚህ ላይ የሌላ አገር ብልሃት አይበቃንም። ፈረንጆች 26 ፊደላቸውን በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ይደረድራሉ። የእኛ ፊደል ግን 33 ቤት በ7 ዓይነት፥ ማለት 231 ነው። ይህ ሁሉ 1366 በ768 ነጥብ ባለው በተለመደው የላፕቶፕ መስኮት ላይ በ21 ዓምድና በ11 ረድፍ ቢደረደር፥ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚደርሰው 65 በ70 ነጥብ ያህል ነው። በእጅ ለሚያመለክት ሰው ይበቃል፤ በራሱ ለሚያመለክት ግን ጠባብ ነው።

ክበባችን ያሰበው መፍትሔ ከፊደል ገበታው የተገኘ ነው። በሕፃንነታችን ፊደል ስንቆጥር ወደ ታች ሀ ለ ሐ መ፥ ወደ ጎን ደግሞ ሀ ሁ ሂ እያልን ነበር። እንግዲህ መጻፉም በሁለት እርምጃ ይሁን። መጀመሪያ ከ33ቱ ግዕዞች አንዱ ይመረጣል፤ ቀጥሎ መስኮቱ ተለውጦ የዚያን ፊደል ሰባት ዘሮች ብቻ በሰፊው ያሳያል። 33ቱ በ6 ዓምድና በ6 ረድፍ ሲደረደሩ ለእያንዳንዱ 227 በ128 ነጥብ ይደርሰዋል፤ ሥፍራው ከፊተኛው ከስድስት እጥፍ በላይ ሰፋ ማለት ነው። ሦስት ሥፍራም ስለሚተርፍ ለክፍት ቦታ፥ ለአራት ነጥብና ለመሰረዣ ይውላል። መሰረዣ መኖሩን ጓደኛችን አጥብቆ ጠይቋል።

ለምሳሌ ያህል «ሰላም» ብለን ለመጻፍ ሰ ግዕዝ፥ ለ ራብዕ፥ መ ሳድስ እንመርጣለን፤ ሦስት ፊደል በስድስት ምርጫ ይሆናል። እያንዳንዱ ምርጫ ሁለት ሰኮንድ ቢፈጅ ቃሉ በ12 ሰኮንድ ይጻፋል። መቶ ፊደል ያለው መልስ 400 ሰኮንድ፥ ማለት 6 ደቂቃ ከ40 ሰኮንድ ይወስዳል። ይህ ቀርፋፋ ነው። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳድስ በመካከል ቢቀመጥ እርምጃው ያጥራል። በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ለሚጽፉት ጓደኞቻችን የፊደሉ ቁጥር ያነሰ ስለ ሆነ ሁለተኛ እርምጃ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ድምፅ ሲረዝምና ሲጠብቅ ፊደሉ ስለሚደገም፥ ቀስቱ ሳይነሣ የሚደግም አንድ ሥፍራ ይገባቸዋል። በከተማችን ሁለቱም ቋንቋዎች ስለሚጻፉ መሣሪያው ሁለቱንም ማወቅ ይኖርበታል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ዛሬ እኮ ያለ ምንም መብራትና ያለ ቆብ፥ በላፕቶፑ ካሜራ ብቻ የሰውን ፊት የሚከታተል ፕሮግራም አለ፤ ስለ ምን ትደክማላችሁ?» ይሉናል። እውነት ነው። ጉግል በግንቦት 2015 ዓ.ም. ለሁሉ ክፍት አድርጎ የገለጠው ጌምፌስ የተባለ ሥራ የራስንና የፊትን እንቅስቃሴ ወደ ማውዝ ይለውጣል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፕሮግራም ጉልበት ያለው ኮምፒዩተርና ጥሩ የክፍል ብርሃን ይፈልጋል፤ የትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተሮች ደግሞ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። የጆይስቲኩ መለኪያ በጨለማም ይሠራል፤ ለአሮጌ ኮምፒዩተርም የሚሰጠው ሥራ ጥቂት ነው። ይልቁንም ከሁሉ የሚበልጠው፥ ራሳችን የሠራነውን ስናውቅ ሲበላሽ እንጠግነዋለን፤ የፊደላችንንም ጠባይ እንደ ፈለግን እናስገባበታለን። ጌምፌስ እንኳ የራሱን ጥቅም የሚያገኘው ከእኛ የፊደል ገበታ ጋር ሲጋባ ነው።

ከጆኒ ሊ ታሪክ ሌላም የምንማረው ነገር አለ። ማይክሮሶፍት በ2003 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ኪኔክት የተባለ፥ የሰውን አካል ያለ መያዣ የሚያይ የጨዋታ ካሜራ አወጣ። አዳፍሩት የተባለ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ካሜራው ከተራ ኮምፒዩተር ጋር እንዲሠራ አድርጎ ፕሮግራሙን ለሕዝብ ለሚሰጥ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ አለ፤ ገንዘቡም ከ1000 ተነሥቶ 3000 ዶላር ደረሰ። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሄክቶር ማርቲን የተባለ ስፔናዊ አሸነፈ። ኩባንያው በመጀመሪያ አጉረመረመ፤ በኋላ ግን ነገሩን በመልካም ተቀበለው። የሚያስገርመው፥ የሽልማቱን ሐሳብ ያመጣው በዚያው በማይክሮሶፍት ኪኔክትን ከሠሩት አንዱ የነበረው ጆኒ ሊ መሆኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ካሜራው ሮቦት ለሚሠሩ ሁሉ ዓይን ሆነ። አንድ ዕቃ የሚጠቅመው የሠራው ሰው ባሰበው ልክ ብቻ ሳይሆን፥ የያዘው ሰው እንዲመረምረው በተፈቀደለት ልክ ነው።

ደግሞም ራስን መከታተል የነገሩ መጨረሻ አይደለም። በሆላንድ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሊቃውንት የዊን መያዣ ከውሃ ላይ የሚተነውን መጠን ለመለካት እንደሚያገለግል በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. አሳይተዋል። ተንሳፋፊ ነገር ከፍና ዝቅ ሲል ካሜራዋ ትከታተለዋለች። እኛ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ ጎረቤቶች ነን። በበጋ ፀሐይ ከሐይቁ ምን ያህል ውሃ እንደሚወጣ በትምህርት ቤታችን ግቢ በአንድ ሰፌድ የሚያህል የውሃ ገበታ ላይ መለካት ብንጀምር፥ ለጂኦግራፊም ለፊዚክስም ትልቅ ትምህርት ይሆን ነበር።

አሁን ንግግሬን ወደ መጨረሻው ላምጣ። ክበባችን ዛሬ ያለው አንድ ቆብ፥ አንድ የተገፈፈ ጆይስቲክና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ቀስቱ በራስ ይታዘዛል፤ የስድስቱ የፈተና ሥፍራዎች ፕሮግራም ተጽፏል። የሁለት እርምጃው የፊደል ገበታ ገና በወረቀት ላይ ነው። ችግር በቅቤ ያስበላል እንዲሉ፥ የጎደለን ብዙ ስለ ሆነ ከሁሉም ደጅ እንጠናለን።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ በየቤታችሁ የተበላሸ የቴሌቪዥን ሪሞት ቢኖር ከመጣላችሁ በፊት በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። ጨዋታ ቤት ያላችሁ፤ የሞተ ጆይስቲክ ለእናንተ ቆሻሻ ነው፥ ለእኛ ግን መሣሪያ ነው። ክቡር ዲሬክተር፤ በቤተ ሙከራው ጥግ አንድ ጠረጴዛና ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚከፈት በር እንዲፈቀድልን በትሕትና እንለምናለን። ክቡራን መምህራን፤ በሚመጣው ሴሚስተር ፈተና ጓደኛችን ቢያንስ አንዱን የምርጫ ፈተና በቆቡ ብቻውን እንዲሠራ፥ ጸሐፊው ግን እንደ ልማዱ በአጠገቡ እንዲቀመጥ ብትፈቅዱለት፥ መሣሪያው የሚጎድለውን ከአገር አቀፉ ፈተና በፊት እናውቀዋለን።

እናንተም ጓደኞቼ፤ ጨዋታ ቤት አትግቡ ብዬ አልመክራችሁም፤ መካሪ ሞልቷችኋልና። ነገር ግን ጆይስቲኩን በጨበጣችሁ ጊዜ በውስጡ ቱንቢና ጋይሮስኮፕ እንዳለ፥ ያንንም የሚፈልግ አንድ ጓደኛ በክፍላችሁ እንዳለ አስቡ። ክበባችን ማክሰኞና ዓርብ ከትምህርት በኋላ ይሰበሰባል፤ ሂሳብ የሚችል፥ መስፋት የሚችል፥ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሁሉ ይምጣ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።